የሙከራ ስፌት

መጋረጃው በስፌት መኪናው መርፌ ስር እያለፈ ወለሉ ላይ ተቆለለ። የመስጊዱን አዳራሽ ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት የሚከፍል ወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስም የተማሪ ዩኒፎርምም ሰፍታለች፤ እንደዚህ እጇን ያሰረው ሥራ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ኢማሙ የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ ፋቲሐን ሲጨርሱ ከሰጋጁ ግማሹ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሚን» ይላል፤ ግማሹ በልቡ። ለዓመታት እንዲህ ጎን ለጎን ሲሰግዱ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም። ባለፈው ጁምዓ ግን አንዱ «ጆሮዬን አደነቆርከኝ» አለ፤ ሌላው «አንተስ አፍህን ማን ቆለፈው?» ሲል መለሰ። ጫማ ማውለቂያው ጋ ሲደርሱ ተናንቀው በስንት ልመና ተገላገሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት የእናቷ ወንድም መላ አገኘሁ ብለው ጨርቁን ተሸክመው መጡ።

«ለጊዜው ነው ልጄ» አሏት። «ጮክ የሚለው በዚያ፣ ቀስ የሚለው በዚህ። ከመደባደብ አይሻልም?»

«አባባስ፣ አጎቴ?»

አጎቷ ጺማቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ወንበር እናስቀምጥላቸዋለን።»

አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ግንባር መሬት ከሚነካበት ሱጁድ የሚነሱት በስተቀኛቸው የሚቆመውን የልጃቸውን ባል ክንድ ይዘው ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን አሚን የሚሉት በልባቸው ነው፤ ከሩቅ የመጣው በያጁ አማቻቸው ደግሞ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ ይለዋል። ልጃቸውን የዳሩለት ሰሞን «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ጣሪያውን ያወርድብናል» ይሉ ነበር። አሁን ያለ እሱ ክንድ መስገድ አይሆንላቸውም። የወንበሩን ወሬ ሲሰሙም «ወንበር ያሰኘኝ ቀን ራሴ እነግራችኋለሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ልብስ ሰፊዋ ፈራች። አባቷ ሰው ፊት መነሳት አቅቷቸው አንዴ ከወደቁ ዳግመኛ መስጊድ እንደማይረግጡ ታውቃለች። እምቢ እንዳትል አጎቷ ናቸው፤ ሰዎቹ እንደገና እንዲደባደቡም አትፈልግም።

የመጋረጃውን ዘንግ እንዲበይድ የታዘዘው ባሏ ነበር። «ብረቱን እኔ፣ ጨርቁን አንቺ» አላት። «ቤታችንን በገዛ እጃችን ለሁለት ከፈልነው በይ! ወደ አባባ ልሻገር ብል ደግሞ ጓደኞቼ ከዳን ይሉኛል።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

ከእሷ ቤት ያለ ድርብ ስፌት የሚወጣ ልብስ የለም። ያን ዕለት ግን የመጋረጃውን ቀለበቶች በሙከራ ስፌት ብቻ ያዝ ያዝ አደረገቻቸው፤ ልብስ ለልክ ሲሞከር የሚሰፋው፣ ክሩን ሲስቡት የሚተረተረው ነው። ተሰቅሎ ርዝመቱ ይታይና አጠብቀዋለሁ ብላ አሰበች። እውነት ይሁን ሰበብ እሷም አልመረመረችውም።

ጁምዓ ደረሰ፣ መጋረጃው ተሰቀለ። በወር አበባዋ ምክንያት ሶላት የማይኖርባት ቀን ስለነበር ጫማ ማውለቂያው በር ላይ ቆማ ትመለከታለች። አባቷ የለመዱትን የመሀል ቦታ አልለቀቁም፤ ባሏም የራሱን አልለቀቀም። ትከሻቸው እንደ ወትሮው ተጠጋግቷል፣ ጨርቅ መሀል ገባ እንጂ።

የሶላቱ የመጀመሪያ ዙር፣ አንደኛው ረከዓ፣ በሰላም አለፈ። ኢማሙ ለሁለተኛው «አላሁ አክበር» ሲሉ ሁሉም ከሱጁድ ተነሳ፤ አባቷ ብቻ ቀሩ። ቀኝ እጃቸው ክንድ ፍለጋ አየሩን ዳበሰ፣ ያገኘው ጨርቅ ነው። ጨርቁን በጭብጣቸው ሰብስበው ክብደታቸውን ጣሉበት።

ስፌቷ ትዝ አላት። አባቴን በገዛ እጄ ልጥላቸው ነው አለች። ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ጀምሮ ተርተር እያለ ተፈታ፣ መጋረጃው ከላይ እስከ ታች ወረደ። አባቷ ወደ ፊት ሊደፉ ሲሉ የባሏ ክንድ ብብታቸው ስር ገብቶ አነሳቸው።

ማንም ዞር አላለም። ኢማሙ ፋቲሐን አንብበው ጨረሱ። ግማሹ «አሚን» አለ፣ አዳራሹ አስተጋባ፤ ግማሹ እንደ ልማዱ ዝም አለ። የአባቷን ፊት ከኋላ ሆና ማየት ባትችልም ከንፈራቸው አሁን እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለች፤ ልጅ ሳለች ቀና ብላ ታየው ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሶላቱ ሲያበቃ ሁሉም ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ያያል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

«ማነው እንዲህ ልል አድርጎ የሰፋው?» አሉ አባቷ፣ ያለ ልማዳቸው ጮክ ብለው።

ባለፈው ከተናነቁት አንዱ ሳቁን ለመያዝ አሳለ፣ ሌላው ግን አመለጠው። ከዚያ ሁለቱ ጎንበስ ብለው ጨርቁን በየጫፉ ይዘው ያጥፉት ጀመር።

አጎቷ ወደ በሩ መጡ። «ለማጥበቅ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«ክር ጨርሻለሁ፣ አጎቴ።»

አጎቷ በክር ጥቅል ያበጠውን የሽርጧን ኪስ አዩት። አዳራሹንም ዞር ብለው አዩ፤ አባቷ የባሏን ክንድ አሁንም አልለቀቁም።

«ክር ደግሞ» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ «ሰሞኑን ጠፍቷል።»