ጥፍሬ ላይ የወጣው ነጭ ነጥብ

ባሪሳል ከተማ ውስጥ እንደ እኔ ነፍሱን የሚወድ ሰው የለም። ካስነጠሰኝ ሳንባዬ ነው፤ ደረጃ ወጥቼ ከደከመኝ ልቤ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት ሩዝና ዓሣዬን ስበላ፣ የቀኝ እጄ ሁለት ጥፍሮች ነጫጭ ነጠብጣብ አውጥተው አየሁ።

«ዲልሩባ! ነይ እይው፣ አለቀልኝ!» አልኳት ባለቤቴን።

ጠጋ ብላ አየችና፣ «ልጆች ሳለን ይሄ ከወጣ አዲስ ልብስ ይመጣል ይሉን ነበር። እስቲ ግዛልኝ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ጎረቤቶች ካልሲየም አንሶህ ነው አሉኝ። እንደ ጥጃ ወተት ጠጣሁ፤ እንደ ድመት ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ቆረጠምኩ። ነጠብጣቡ ጭራሽ በዛ። ቆይቶ ደግሞ ጉበቱ የታመመ ሰው ጥፍሩ ይነጣል ሲሉ ሰማሁና ለራሴ አለቀስኩ። ቀብሬ ላይ ማን ማን እንደሚመጣ ሳስብ ሰዉ አነሰብኝ፤ እንደገና አለቀስኩ።

የሚስቴን ወንድም ተፋዞልን አስጠርቼ፣ «የካሮም መጫወቻ ሰሌዳዬን ውሰደው። ከእኔ በኋላ አንተ ትንከባከበዋለህ» አልኩት። ክቧን መምቻ በጥፍሬ እያስፈነጠርኩ ያረጀሁበት ሰሌዳ ነው።

«ኧረ ዱላባይ፣ እንዲህ አይበሉ!» አለ ዓይኑን እየጠራረገ፤ በእኛ አገር የእህት ባል የሚጠራው ዱላባይ ተብሎ ነው። ሰሌዳውን አቅፎ ሲወጣ ግን ወደ ኋላም አላየ።

በመጨረሻ ዲልሩባ መረራትና ሐኪም ዘንድ ጎትታ ወሰደችኝ። ዶክተር ናዝኒን ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየች።

«ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ ጣቶች ምን ይሠራሉ?»

«ምንም። አልፎ አልፎ ካሮም...»

«አልፎ አልፎ?» አለች ዲልሩባ፤ «ዶክተር፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው የሚጫወተው!»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የጥፍር ሥር ሲመታ እንዲህ ነጭ ይወጣል። ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚታይ ሰው ምቱን ይረሳዋል። ካልሲየም አይደለም። ጥፍሮችዎ ሁሉ ሙሉ ለሙሉ ቢነጡ ኖሮ ጉበትና ኩላሊትዎን እንመረምር ነበር። ይሄ ግን ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ እየገፋ ሄዶ ይጠፋል።»

ደስታዬ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ብቻ ቆየ። እዚያ ስደርስ ሰሌዳዬ ትዝ አለኝ።

በቀጥታ ተፋዞል ቤት ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ መምቻዋ እንድትንሸራተት ዱቄት ነስንሶ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይጫወታል።

«ድኛለሁ!» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ! ይግቡ፣ ዱላባይ፤ ከእነዚህ ቀጥሎ ተራው የእርስዎ ነው።»

መልስልኝ ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ይኸው አሁን በገዛ ሰሌዳዬ ላይ ተራ እጠብቃለሁ። ተራዬ ደርሶ ጣቴን ስደግን ደግሞ ተፋዞል፣ «ቀስ ዱላባይ፣ ጥፍርዎን!» ይላል፤ በድንጋጤ እስታለሁ።