ባላምባራስ ድልነሣሁ ያላዩት ትግል

ከትዕቢት ወገን ሁሉ እጅግ የተናቀው፥ የገዛ ሥራ የሌለው ትዕቢት ነው። በጦሩ የሚመካ ጦረኛ፥ በዜማው የሚኮራ ማኅሌታይ፥ በደም ግባቷ የምትመጻደቅ ወይዘሮ፥ ምንም ውዳሴ ከንቱ ቢያታልላቸው፥ የሚመኩበት ነገር ከራሳቸው ሥጋና ከራሳቸው ድካም የበቀለ ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ሰው በፈገግታ ያልፋቸዋል። ነገር ግን በጥላ ሥር ተቀምጦ፥ ትራሱን ተደግፎ፥ ዝንቡን በጭራ እየከለከለ፥ ሌላው በፀሐይ ተጠብሶ ያፈሰሰውን ላብ ከገዛ ግንባሩ ላይ እንደ ወረደ አድርጎ የሚጠርግ ሰው፥ ያውም ላቡ የገዛ ልጁ ላብ በሆነ ጊዜ፥ ለሣቅ የከበደ፥ ለልቅሶም የቀለለ ፍጥረት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች የሚተረክልህ የዚህ ዓይነቱ ሰው ታሪክ ነውና፥ ልብህ ወደ ርኅራኄ ቢያዘነብል አንከለክልህም፤ ነገር ግን ርኅራኄህን በከንቱ እንዳታባክናት አስቀድመን እናስጠነቅቅሃለን።

በቀድሞው ዘመን፥ ደብረ ኅሩያን በምትባል የደጋ ከተማ፥ ባላምባራስ ድልነሣሁ የሚባሉ ሹም ነበሩ። አንቱታውን የምንሰጣቸው ለመዓርጋቸው ነው እንጂ ለሰውነታቸው አይደለም፤ መዓርጋቸውም ቢሆን የተገኘው በጦር ሜዳ ሳይሆን በሠርግ ዳስ ነበር፤ የሚስታቸው የወይዘሮ አስካለ አባት፥ ልጃቸውን ስም ለሌለው ሰው መዳራቸው ቢያሳፍራቸው፥ ከጌታቸው ደጅ ጠንተው፥ ለምነው ያሰጧቸው ሹመት ነበርና። በልጅነታቸው እኩዮቻቸው በሜዳ ላይ ትግል ሲገጥሙ እርሳቸውን ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ነበር፤ በጕልምስናቸውም ሠራዊት ሲዘምት ከጓዙና ከአጋሰሱ ጋራ ከኋላ ይቀሩና፥ ሌሎች ቆስለው የሠሩትን ጀብዱ እርሳቸው ሳይቆስሉ ይተርኩት ነበር። ቁመታቸው ረዥም፥ ጢማቸው ዠርጋዳ፥ ድምፃቸው ጐላ ያለ ስለ ነበረ፥ ያላወቃቸው ሁሉ ጀግና ይመስሉት ነበር፤ ከዚህም ሁሉ ሰው ይልቅ ጀግንነታቸውን አጽንተው ያመኑት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ጣሰው የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ጨዋ፥ ሣቂታ፥ ትከሻው የሰፋ ልጅ ነበር፤ ባላምባራስ ግን እስኪጐረምስ ድረስ በቤታቸው መኖሩን ያስተዋሉት አይመስልም ነበር። በደብረ ኅሩያን ልማድ፥ በየዓመቱ በንግሥ ቀን ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ፥ ልጆችና ጐረምሶች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ይታገላሉ፤ ጀርባው ሣሩን የነካ ይወጣል፥ የጣለውም ሌላ ተጋጣሚ ይጠብቃል። አንድ ዓመት ጣሰው በዕድሜ የሚበልጠውን ልጅ በአየር ላይ አንሥቶ በጀርባው አነጠፈው። ሕዝቡም “የማን ልጅ ነው?” ብሎ ጠየቀ፤ “የባላምባራስ ድልነሣሁ ልጅ ነው” የሚል መልስም ከአፍ ወደ አፍ አለፈ። ባላምባራስ ስማቸው በእልልታ መካከል ሲጠራ የሰሙት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ አባት ሆኑ።

አባትነታቸውም እንዲህ ያለ ነበር። ልጁን ከዳዊት ትምህርቱ አስወጥተው ቅቤና ጥሬ ሥጋ ያጠግቡት ጀመር፤ በየትግሉ ቦታ ጃንጥላ የሚይዝ አሽከር አስከትለው፥ ምንጣፍ አስነጥፈው፥ ከሹማምንቱ ሁሉ ፊት ይቀመጡ ነበር። ልጁ በሜዳ ሲተናነቅ እርሳቸው በምንጣፋቸው ላይ ይወራጩ፥ “እግሩን! እግሩን በለው!” እያሉ ይጮኹ፥ ባጠገባቸው የተቀመጠውንም ሰው ወገቡን ይዘው ያናውጡት ነበር። ልጁ የረታ እንደ ሆነ “ጣልነው!” ይላሉ፤ የተረታ እንደ ሆነ ግን “ወደቀ” ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ፥ በመንገድም ላይ ከእርሱ ርቀው ይሄዳሉ። ጣሰው የጣላቸውን ልጆች አባቶች በገበያ ባገኟቸው ቍጥር፥ ጤና ይስጥልኝ ከማለታቸው በፊት፥ የልጆቻቸውን አወዳደቅ ያስታውሷቸው ነበርና፥ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይለውጥ ጀመር፤ ባላምባራስም ይህን ፍርሀት ነው ብለው ተረጐሙት።

በዚያች ከተማ ባይለየኝ የሚባል ሸማኔ ነበር። ልጁ አየነው ቀጭን፥ ዝምተኛ፥ እግሩ ግን ልምጭ የሆነ ጐረምሳ ሲሆን፥ በአንድ ንግሥ ከጣሰው ጋራ ገጥሞ፥ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ጠልፎ ጣለው። ባላምባራስ ከምንጣፋቸው ዘለው ተነሡ። “ቡዳ ነው! በዐይኑ አፍዞት ነው እንጂ የሸማኔ ልጅ የእኔን ልጅ ይጥላል?” ብለው ጮኹ፤ ካህናቱ እስኪያፍሩላቸው ድረስ ጠበል ይረጭልኝ አሉ። ጣሰው ግን ከወደቀበት ተነሥቶ፥ አቧራውን አራግፎ፥ የአየነውን እጅ ይዞ፥ “ይህችን ጠለፋ ካላስተማርኸኝ አልለቅህም” አለው፤ አየነውም ሣቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጐረምሶች በወንዙ ዳር ባለው አሸዋ ላይ ዘወትር አብረው ይታገሉ፥ አብረው ይዋኙ፥ የተሸከሙትን ቆሎ አብረው ይበሉ ጀመር። ባላምባራስ ይህን ወዳጅነት በሰሙ ጊዜ ልጃቸው የጠላቱን ምስጢር ሊሰልል የገባ መስሏቸው በብልሃቱ ተደነቁ፤ ወዳጅነትን ከስለላ ለይተው የሚያውቁበት አካል አልተፈጠረላቸውምና። በሚቀጥለው ንግሥ ሁለቱ ጐረምሶች ዳግመኛ ገጥመው፥ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተያይዘው ሳይጣጣሉ ስለ ቀሩ፥ የሜዳው ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ በመካከላቸው ገብተው፥ “ለከርሞ ይቈየን” ብለው ለያዩአቸው።

ያ ከርሞ በቀረበ ጊዜ፥ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች በበዓሉ ላይ ሊገኙ፥ የረታውንም ጐረምሳ በገዛ እጃቸው የሐር ቀሚስ ሊያለብሱ መሆኑ ተሰማ። ባላምባራስም እህል አልወርድ አላቸው። በአንደበታቸው ዘወትር የሚያዋርዱት የሸማኔ ልጅ ልጃቸውን ሊጥለው እንደሚችል በልባቸው ያውቁ ነበርና። ሰው ቢሆኑ ኖሮ ፍርሀታቸውን ዋጥ አድርገው የሚመጣውን በጠበቁ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሸማኔውን አስጠሩት።

“ባይለየኝ፥ ቆላ ባለው ርስቴ ላይ ያሉት ገበሬዎች ጋቢ ይፈልጋሉ። ነገ ማለዳ የሽመና ዕቃህን ጭነህ ውረድ” አሉት።

“ጌታዬ፥ ንግሡ ደርሷል። ልጄም ከጌታዬ ልጅ ጋራ...”

“ልጅህማ ከቀረ ዕቃህን ማን ይሸከምልሃል? እርሱንም ይዘህ ውረድ። ሳልጠራችሁ እንዳትመጡ!”

ሰው ቀጭን ነጠላ በማይችልበት በዚያ ሐሩር ውስጥ ጋቢ ለማን እንደሚሆን ባይለየኝ አልጠየቀም፤ ገብቶታልና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ነገሩን ከጓዳ ሆነው የሰሙት ወይዘሮ አስካለ ግን ወደ ባላቸው ቀርበው፥ “ጌታዬ፥ ልጅዎ እንደሚረታ ካመኑ ያንን ልጅ ለምን አሸሹት? እንደማይረታስ ካወቁ ቀሚሱ ምን ያደርግልዎታል?” አሏቸው።

“ሴት ስለ ሜዳ ምን ታውቃለች!” አሉ ባላምባራስ።

“ስለ ሜዳ እርስዎስ ምን ያውቃሉ?” ብለው ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። ባላምባራስም በጃንጥላ ያዡ ላይ ተቈጡ።

በንግሡ ቀን ጣሰው፥ ጓደኛው ሳይሰናበተው መሄዱ ቢከነክነውም ለትግሉ ይደርሳል ብሎ መንገድ መንገዱን እያየ፥ የገጠሙትን ሁሉ ጣላቸው። በመጨረሻ የሜዳው ዳኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ “አየነው ባይለየኝ!” ብለው ተጣሩ። ደግመው ጠሩ፤ የመጣ የለም። “ፈርቶ ሸሽቷል! የሸማኔ ወገን መቼ ፊት ለፊት ይቆማል!” ብለው ባላምባራስ ከምንጣፋቸው ላይ ጮኹ፤ ደጃዝማቹም ቀሚሱን ለጣሰው አለበሱት። ሕዝቡ እልል አለ፤ ልጁ ግን ፊቱ እንደ ዳመነ ወረደ። ከቀትር በኋላ በባላምባራስ ቤት ግብዣ ሆነ፤ ጠጁ ተቀዳ፥ ምስጋናውም ከጠጁ በላይ ፈሰሰ። ምስጢር ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ለእርሳቸው ያልተሰጠ ጸጋ ነበርና፥ ባላምባራስ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው፥ “ትግል በክንድ ይመስላችኋል? በጭንቅላት ነው! የሸማኔውን ልጅ የጣለው ማን ነው? እኔ ነኝ! ለቆላ ፀሐይ ጋቢ እንዲሠሩ አባትና ልጁን ሰደድኋቸው!” አሉ። እንግዶቹ በሣቅ ተንከተከቱ። ከበሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ጣሰው ግን በእንግዶቹ መካከል አልፎ መጣ፤ የሐር ቀሚሱን አወለቀ፥ ቀስ ብሎ አጠፈው፥ በአባቱም ጕልበት ላይ አኖረው።

“አባባ፥ የጣሉት እርስዎ ከሆኑ ቀሚሱም የእርስዎ ነው” አለ።

“ወዴት ነው የምትሄደው?”

“ልታገል።”

ወጥቶም ሄደ። ከእንግዶቹ አንድ ስንኳ የሣቀ አልነበረም፤ ብርሌውን ያነሣም የለም። ባላምባራስ፥ “ልጅነት ነው፥ ልጅነት ነው” እያሉ ቀሚሱን በጕልበታቸው ላይ ሲደባብሱ፥ ሰዎቹ አንድ በአንድ ምክንያት እየፈጠሩ ተሰናበቱ። ጣሰው የቆላውን መንገድ ወርዶ ሰነበተና፥ ከባይለየኝና ከአየነው ጋራ የሽመናውን ዕቃ ተሸክሞ ተመለሰ፤ ሳይጠሩ እንዳይመጡ የታዘዙትን ሰዎች በአባቱ ደጅ ፊት፥ በጠራራ ፀሐይ፥ እየሣቀ አሳለፋቸው። የጣሰው ሸሚዝ ተቀዷል፥ ጕንጩ ተልጧል፤ አየነውም በአንድ እግሩ ያነክስ ነበር። ባላምባራስ ቍጣቸውን ረስተው ወደ ደጅ ሮጡ።

“ታገላችሁ?”

“ታገልን።”

“ማን ወደቀ?”

“አንዳችን።”

“ማን? ንገረኝ እንጂ! አባትህ አይደለሁም?”

ጣሰው አባቱን ትክ ብሎ አያቸው። በዚያ አመለካከት ውስጥ ቍጣ አልነበረም፥ ኀዘንም አልነበረም፤ ባላምባራስ በዘመናቸው ሁሉ በሌላው ሰው ላይ ሲያፈስሱት የኖሩት፥ ከሌላ ዐይን ግን ተቀብለውት የማያውቁት ንቀት ብቻ ነበር። “ይህ ትግል የእኛ ነው፤ ለተመልካች የተረፈ የለውም” ብሎ ወደ እናቱ ገባ።

ከዚህ በኋላ የባላምባራስ ሕይወት አንዲት ጥያቄ ሆነች። አንዳንድ ጊዜ የአየነውን ማነከስ አስበው ልጃቸው እንደ ረታ ይወስኑና ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ፤ ማታውን ግን የልጃቸው ጕንጭ ትዝ ይላቸውና በሐፍረት ይኰማተራሉ። በመጨረሻም፥ ጥላው እንዳይነካቸው ይጸየፉት ወደ ነበረው ወደ ሸማኔው ቤት፥ ጃንጥላ ያዡን ከሩቅ አቁመው፥ በጓሮ በኩል ገቡ። ባይለየኝ ደንግጦ ተነሣና መቀመጫውን አቀረበላቸው። እርሳቸው ግን ቆመው፥ “አየነው፥ ልጄ፥ ማን ወደቀ? ለማንም አልናገርም” አሉ። አየነው የያዘውን ክር ሳይለቅ፥ “ጌታዬ፥ ጣሰው ከነገረዎት እኔም እነግርዎታለሁ” አላቸው። በትሕትና ነበር የተናገረው፤ ትሕትናውም ከስድብ ይልቅ አቃጠላቸው።

ሁለቱ ጐረምሶች ከዚያ ወዲያ በንግሥ ሜዳ አልታገሉም። ጣሰው እርሻ አርሶ፥ አግብቶ፥ ልጆች ወለደ፤ በአየነው ሠርግ ሚዜ፥ አየነውም በእርሱ ልጅ ጥምቀት አበ ልጅ ሆነ። ባላምባራስ ግን በየዓመቱ ምንጣፋቸውን አስነጥፈው በሌሎች ሰዎች ልጆች ላይ “እግሩን በለው!” እያሉ ሲጮኹ፥ ልጆቹ የሚሥቁባቸው ሽማግሌ ሆኑ። ጊዜያቸው ደርሶ በአልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ ልጃቸው ከራስጌያቸው አልተለየም፤ አጥቦ አጐረሳቸው፥ በክንዱም ደግፎ አገላበጣቸው፤ የጠየቁትን ውኃ ሁሉ ሰጣቸው፥ ያችን አንዲት መልስ ግን አልሰጣቸውም። በመጨረሻው ቀን የንስሐ አባታቸው መጥተው፥ “ጌታዬ፥ በልብዎ የቀረ ነገር ካለ ይናገሩ” አሏቸው። ባላምባራስ በእጃቸው ጠቅሰው አስጠጓቸውና፥ በደከመ ድምፅ፥ “አባ፥ የአየነውም ንስሐ አባት እርስዎ ነዎት... ሳይነግርዎት አይቀርም... ማን ነው የወደቀው?” ብለው ጠየቁ። ካህኑ መስቀሉን ወደ ከንፈራቸው አቀረቡ፤ ባላምባራስ ግን ዐይናቸውን በካህኑ አፍ ላይ ተክለው መልስ ሲጠብቁ፥ መስቀሉን ሳይሳለሙት ነፍሳቸው ወጣች። ቃሬዛውን ጣሰው ከፊት፥ አየነው ከኋላ ሆነው ተሸከሙት፤ ጣሰው አለቀሰ፥ ከተማው ግን ቀብሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከተሸነፉት ሁሉ በታች የሚቀመጠው፥ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ትግል ሲያልበው ኖሮ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱ የመውደቅን ክብር ሳያገኝ ወደ መቃብር የሚወርድ ሰው ነው።