ጨጓራ አይደለም

ተከስተ እንደገና ተነሳ። ካርታውን ዘቅዝቆ አስቀመጠና ከድንኳኑ ወጥቶ፣ የግቢውን ጥግ ጥግ ይዞ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ። እጸገነት ከፍራሿ ላይ ሆና አየችው። ባሏን ሃይለአብን፣ የተከስተን ወንድም፣ ትናንት ቀብራ ሐዘን የተቀመጠችበት ክፍል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የካዛንቺስ የቀበሌ ግቢ ደግሞ ደግነቱ፣ ሽንት ቤቱ ከየትኛውም ቤት ይታያል።

"ይኸው ገባ" አለቻት ልጇን ሉሊን።

"እማዬ፣ በቃ ተይው! ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። አባትሽም አጀማመሩ እንዲሁ ነበር።"

እውነቷን ነው። ሃይለአብ ላንቻ ሰፈር መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ የመኪናን ሕመም በድምፁ የሚለይ ሰው ነበር። የራሱን ግን "ብርድ ነው" እያለ ስንት ጊዜ ተሸከመው። ለምና ለምና ኦሎምፒያ አካባቢ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ከኋላ በጣት ሊመረምረው ጓንት ሲያጠልቅ ሃይለአብ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣና፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ "የደም ግፊቴን ነው ያየልኝ" አለ። የጠየቀው አልነበረም። በኋላ ወገቡ እምቢ ብሎት ሲመለስ፣ ከፊኛው ሥር ካለው እጢ፣ ከፕሮስቴቱ፣ የተነሳው ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

ተከስተ ሲመለስ ጎረቤታቸው ሸዋአየሁ ያዘችው።

"ለመሆኑ ወንድምህን ምን ነበር ያመመው?"

"ጨጓራ" አለ። ጠዋት ለእድሩ ዳኛ "ሳንባ" ብሎ ነበር። ምን ያድርግ፣ የወንድሙን ገመና መሸፈኑ ነው።

እጸገነት ጠራችው። "ነገ ሉሊ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ሄደህ ደም ስጥ።"

"ሐዘን ላይ ነን እኮ፣ እጸገነት!"

"ሌላ ሐዘን እንዳልቀመጥ ነዋ።"

"አጎቴ፣ መጀመሪያ ደም ብቻ ነው" አለች ሉሊ። "ደምህ ላይ የፕሮስቴቱ ልኬት ከፍ ካለ ኤም አር አይ ይነሳል፤ የተጠረጠረውን ቦታ ለይተው ናሙና ይወስዳሉ። በጊዜ ከተገኘ ቀዶ ጥገና አለ፣ ጨረር አለ። ቀስ ብሎ የሚያድገውንማ እየተከታተሉ ብቻ ይተዉታል።"

"ጣትስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሐኪሙ ካስፈለገው።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ!" ብሎ ብድግ አለ። ወደ ሽንት ቤት።

እጸገነት ተቃጠለች። አንዱን ቀብራ ሌላውን ልትጠብቅ ነው? ሃይለአብ ሊሞት ሲል እንኳ "ለሰው እንዳትነግሪ" ነበር ያላት። እሺ ብላው ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከወሎ ሰፈር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ደረሰ፤ ዋይታው ቀለጠ። የሞተባትን ሴት ደግሞ ዝም በይ የሚል የለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ተነሳች።

"ሱሪውን ታቅፎ ከሐኪም ያመለጠ፣
ሰው እንዳይስቅበት አፈር ውስጥ ሰመጠ።
ተከስተ ወንድሙ ሽንት ቤት ያምጣል፣
የወንድሙን ይዞ ብርድ ነው ይላል።"

"ወይኔ! ወይኔ!" አሉ ለቀስተኞቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ገና ቃሉን ሳያጣሩ። ሲገባቸው አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየ አምርራ የምታለቅስ መሰለው።

"ፕሮስቴት ነው የገደለው! ፕሮስቴት!" አለች እጸገነት ግጥሙ ሲያልቅባት።

ድንኳኑ ውስጥ የካርታ ጨዋታው ቆመ። ተከስተ ከሽንት ቤት መውጣት አቃተው። የእድሩ ዳኛ ሉሊን ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ላቦራቶሪው ስንት ሰዓት ይከፈታል? ለጓደኛዬ ነው" አሏት።

በማግስቱ ሰልስት ላይ ተከስተ ጠፋ። በወንድሙ ሰልስት! ዘመድ ሁሉ አጉረመረመ። ከሰዓት በኋላ መጣና ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ከፍ ብሏል" አላት። "ግን ሐኪሙ በጊዜ መጥተሃል ነው የሚለው። ለኤም አር አይ ቀጥሮኛል።"

"ጣቱስ?"

"እሱንም።" መሬት መሬት አየ። "በሩ ድረስ ሸሽቼ ነበር። ተመለስኩ።"

እጸገነት ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። ግጥም አልመጣላትም። ተከስተ እጅጌውን እንደጠቀለለ ነው የመጣው፤ ደም የቀዱበት ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ቀስ ብላ እጅጌውን አወረደችለትና ቁልፉን ቆለፈችለት።

"እሱም ያኔውኑ ተመልሶ ቢሆን" አለች፣ እጁን ሳትለቅ።