ከአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቤት የወጡት

«እማ፣ ኮብላይዋ የሄደችው ወዴት ነው?»

ልጅቷ ይህን ስትጠይቅ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ጊዜም በስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ነበረች። እሷም በልጅነቷ የገዛ እናቷን ጠይቃ ያገኘችው «ምድር ዋጠቻት» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። «በይ እጅሽን ከመርፌው አርቂ» አለቻትና ስፌቷን ቀጠለች።

በዚያ ቤት ኮብላይዋ ማስፈራሪያ ነበረች። ከትምህርት ቤት የዘገየች ልጅ «የኮብላይዋ ደም ጎተተሽ?» ትባላለች። መስኮት ላይ የቆመች «ምን ታማትሪያለሽ፣ እንደ ኮብላይዋ?» ትባላለች። ስሟን ሁሉም ያውቀዋል፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም።

ታሪኩ አሮጊቷ፣ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ እንደምታወራው እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባ ዓመት ቤተሰቡ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኞች መኖሪያ፣ በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቤት ይኖር ነበር። አባት ጫኝና አውራጅ ነበር። ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘና ዕቃው በጭነት መኪና ተጫነ። በዚያ ጠዋት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ታላቅ ልጅ ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች፤ እንደወጣች ቀረች። ባልዲው ሞልቶ ቧንቧው ሥር ተገኘ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ እናት ጮኸች፣ ተጠራች፣ የለችም። በመጨረሻ አባት «ኮብልላለች፤ ተነሱ እንሂድ» አለ። ያን ቀን አሮጊቷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ከዓመታት በኋላ ፊደል የቆጠረው ወንድማቸው ሁለት ጊዜ አሁን በሚኖሩበት ከተማ፣ የአገሩ የነዋሪዎች መዝገብ ሁሉ ወደሚሰበሰብበት መዝገብ ቤት ተመላልሶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። «የውሃ ሽታ ሆናለች» አለ። እሱም አሁን በሕይወት የለም።

ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ አሁን ሃያ ሦስት ሞልቷት ነርስ ሆናለች። የተመደበችበት ሆስፒታል በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ቲኬቷ ለሰኞ ተቆርጧል። አያቷ ይህን የሰማች ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

«ሁለተኛ ኮብላይ ከዚህ ቤት አልሸኝም» አለች። «ከወጣች አያቴ ብላ እንዳትጠራኝ።»

ልጅቷም እልኸኛ ናት። «እሺ፣ ቀርቻለሁ!» ብላ ሻንጣዋን ዘረገፈችው። በማግስቱ መልሳ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዘረገፈችው። ልብስ ሰፊዋ በሁለቱ መሃል ቆማ ታያለች። ልጇ አያቷን አስቀይማ ብትሄድ ሰላም አታገኝም። ፈርታ ብትቀር ደግሞ ዕድሜ ልኳን ጥርሷን ነክሳ ትኖራለች። እንቅልፍ አጣች። አንድ ነገር ብቻ ታያት፦ ያቺ ሴት የት እንደደረሰች ቢታወቅ፣ ማስፈራሪያነቷ ቀርቶ ሰው ትሆናለች። ሰው ከሆነች አሮጊቷን ማናገር ይቻላል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ማንበብ ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ በጎልማሶች ክፍል ተምራ የአውቶቡስ ታፔላ፣ የመድኃኒት ብልቃጥና የደንበኞቿን ስም ታነባለች። መዝገብ አንብባ አታውቅም። ቢሆንም ዓርብ ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

መዝገብ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቶቹ ከፍ ብለው ከጣሪያው ሥር ተሠርተዋል፤ የብረት መደርደሪያዎቹ በዶሴ ክብደት ወደ መሃል ጎብጠዋል። ሹሙ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ቀጭን ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው የሹራቡን ክርን ነበር፤ በሌላ ቀለም ክር፣ በችኮላ ተጥፏል።

«ማንን ነው የምንፈልገው፣ እህቴ?»

«የእናቴን ታላቅ እህት። ኮብልላ ከጠፋች ሰባ ዓመቷ ነው። ወንድሟም ሁለት ጊዜ እዚህ መጥቶ አጥቷታል።»

«ሰባ ዓመት! እኔ ከጠዋት ጀምሮ መነጽሬን ማግኘት አቅቶኛል።»

«ግንባርዎ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ሰውየው ግንባሩን ዳበሰና ሳቀ። ቅጽ ሰጣት። እሷም እያንዳንዷን ፊደል እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ተጠንቅቃ ጻፈች። ከኋላዋ ወረፋ የያዘ ጉዳይ አስፈጻሚ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እናት፣ ልብ ወለድ ነው እንዴ የሚጽፉት?»

«ቅጹ ነው የረዘመው ልጄ። አንተም ይደርስሃል» አለችው ቀና ሳትል።

ሹሙ ቅጹን አይቶ ሳያመነታ አንድ አረንጓዴ መዝገብ አመጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ፊቷ ዘረጋው። እሷም ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከመጀመሪያው መስመር ሥር አነጠፈች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሱሪ ሊለኩለት ነው?»

«መስመር እንዳይጠፋብኝ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቤት ቁጥሩን ብቻ እያየ ገጹን ይገላብጠው ነበር። እሷ ግን መዝለል አልተማረችም። ገጹን ከአናቱ ትጀምራለች፣ የታተመውንም የተጻፈውንም ታነባለች፣ ከዚያ ሜትሯን ዝቅ ታደርጋለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሹሙ ሁለት ሰው አስተናግዶ ተመለሰ። እሷ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ደርሳ ነበር።

አባት። እናት። ወንድ ልጅ፣ ዕድሜ አሥራ ሁለት። ሴት ልጅ፣ ዕድሜ ስድስት።

ዕድሜ ስድስት የተባለችው እናቷ ናት። የእናቷን ስም በሰው እጅ ተጽፎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጣቷ ከስሙ ላይ አልነሣ አላት። ከሥሩ የአባትየው አውራ ጣት ታትሟል። ከጎኑ የሚሄዱበት ከተማ ስም አለ። ከዚህ በኋላ የልጅቱ ስም መምጣት ነበረበት። የመጣው ግን ሃያ ቁጥር ቤት ነው።

«ይኸው» አለ ሹሙ በሐዘኔታ። «የለችም። ወንድምየውም ያዩት ይህንኑ ይሆናል። ሳትመዘገብ ሾልካ ሄዳለች። ስንቱ እንዲህ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ገጹ አናት ተመለሰች። እዚያ በትልልቁ የታተመውን ጠዋት አንብባው ነበር፤ አሁን ድምፅ አውጥታ ደገመችው። «ከቤት የወጡ ሰዎች መዝገብ።»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«እሷ ደግሞ እዚህ የለችም።»

«የለችም አልኩዎት እኮ።»

«እንግዲያ አልወጣችማ፣ ጋሼ!»

ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ኮበለለች ብለው አይደል የመጡት?»

«ኮበለለች ያልነው እኛ ነን። መዝገቡ አላለም።» ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ ግን አላቆመችም። «እኔ ልብስ ስቆርጥ አንድ እጅጌ ቢጎድለኝ፣ የተላከውን ጥቅል ለመፍታት አልሮጥም። መጀመሪያ ጠረጴዛዬን ነው የማየው። የቀሩት ሰዎች መዝገብ የላችሁም?»

«የነዋሪዎች መዝገብ አለ። ግን ከዚያ ቤት የሄደ ሰው እዚያው ቤት ይፈለጋል? ሠላሳ ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።» እያጉረመረመ ሄደ፤ ቀይ መዝገብ ተሸክሞ መጣ። የቀጣዩ ዓመት ነው። የምትፈልገውን ቤት ቁጥር ስለሚያውቅ እሱ ቀድሟት ገለጠ። ከዚያ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ስሟ አለ። ዕድሜ አሥራ ስምንት። የሽመና መኪና ሠራተኛ።

ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛውን እሱ አነበበላት፤ ድምፁ ተቀይሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ማን ይያዘው! ምሳውን ረስቶ መሰላል ወጣ፣ ወረደ፣ መዝገብ በመዝገብ ላይ ከመረ። በየዓመቱ አለች። የፈረቃ ኃላፊ ሆናለች። መካኒክ አግብታለች፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ከዚያች ቤት ሳትነቃነቅ ሃምሳ አንድ ዓመት ኖራ፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቤቷ አርፋለች።

በአንደኛው መዝገብ ኅዳግ ላይ ደግሞ «ቤተሰብ ጠፍቶባታል፤ ፋይል ተከፍቷል» የሚል ነበር።

ፋይሉ የጠፉ ሰዎች ክፍል ተገኘ። ስስ ነው። በፊቱ ገጽ የጠፉት ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፦ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ ትንሽ እህት። ፈላጊ፦ ኮብላይዋ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ያዝ አደረገች። ሰባ ዓመት ሙሉ እናቷ በመንግሥት ወረቀት ላይ የጠፋች ሰው ነበረች።

ውስጡ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ፤ ሦስቱም «ተቀባይ አልተገኘም» ተብለው የተመለሱ። የተላኩት አባትየው በአውራ ጣቱ ወዳረጋገጠው ከተማ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሆነው ገባት። እናቷ ደጋግማ አውርታዋለች፤ እዚያ ሲደርሱ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ያው መኪና ሁለት ቀን ወደ ፊት፣ ወደዚህ ከተማ ይዟቸው ሄደ። አዲሱን አድራሻ ለቀድሞው ሠፈር ማሳወቅ ለማን ትዝ ይለዋል? የሚጽፍስ ማን ነበር?

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጸሐፊ ነበር የጻፋቸው። የሦስተኛው ፊደላት ግን እየወደቁ እየተነሡ ነው የሄዱት። ያን እጅ ልብስ ሰፊዋ ከሹሙ ይልቅ ቶሎ አነበበችው፤ የራሷን ደብተር ይመስላል።

«ግልባጭ ማግኘት እችላለሁ?»

«ማባዣው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። በእርሳስ ይገልብጡት።»

እየገለበጠች ሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰ። ሹሙም አላስቸኮላትም።

ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። በደብዳቤው ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ እናቷን የምትወጋ። በቤቱ ካሉት ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። ብትዘላት ማን ያውቃል? እስከ በሩ ድረስ ልዝለላት አልዝለላት እያለች ሄደች። በሩ ላይ ግን ቆረጠች። ስንት ዓመት ሌሎች እየመረጡ የነገሯትን ብቻ ስትሰማ ኖራለች፤ ይህን በእናቷ ላይ አታደርገውም።

አሮጊቷ ግድግዳዋን እያየች ነበር።

«እማዬ፣ ዙሪ። እህትሽ ጽፋለች።»

አሮጊቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች አነበበች፦

«ለአባዬና ለእማዬ። ያን ጠዋት የውሃ ጠባቂዋ ቤት ተደብቄ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠርታችሁኛል፤ ሰምቻለሁ። የሽመና መኪናዬን ጥዬ መሄድ አልፈለግሁም። ብነግራችሁ እሺ አትሉኝም ነበር። ከሰዓት ወደ ቤት ተመለስሁ። አሁንም እዚያው ነኝ። ትንሿን እኔ ነበርሁ ፀጉሯን የምሠራት፤ አሁን ማን ይሠራታል? ይህን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው። እኔ የትም አልሄድሁም። የት እንዳላችሁ ብቻ ንገሩኝ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ተቀብላ በመዳፏ ዳበሰችው።

«አራት ጊዜ ነው የጠራናት» አለች። «አራተኛውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ድምፄ ትንሽ ስለነበር አልደረሳትም።»

«አልደረሳትም፣ እማዬ።»

«እዚያው ኖረች?»

«ሃምሳ አንድ ዓመት። የፈረቃ ኃላፊም ሆና ነበር።»

«እሷ? ያኔም እኛን እንደ ወታደር ነበር የምታሰልፈን!» አሮጊቷ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ሆነ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «አባዬ ነው ኮበለለች ያለው። ልጄን ጥዬ መጣሁ ከማለት ይሄ ቀሎት ነዋ። ታዲያ ኮብላይዋ ማን ናት? እኔ ነኛ! እኔ ነኝ መኪና ላይ ወጥቼ የሄድሁ!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በእጇ ሊከተት ይሁን ሊዘረገፍ ያልታወቀ ነጭ ጋዋን ይዛለች። አሮጊቷ አየቻት።

«አንቺ ደግሞ ምን ገትሮሽ ታያለሽ? እሱን ጋዋን በሥርዓት እጠፊው፣ ነርስ ተጨማዶ አይሄድም። አድራሻሽን ጽፈሽ ለእናትሽ ስጪ። ቤት ብትቀይሪ የዚያኑ ቀን ጻፊ። ሰማሽ? እናትሽ ታነብልኛለች።»

«እሺ፣ አያቴ።»

«ወዲህ ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራልሽ።»

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም መናኸሪያ ወረዱ። ልጅቷ ሄደች፤ እናቷና አያቷ ቀሩ።