ብሎኑና ክንዱ

የጠመንጃው ማቀባበያ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ያዘ። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ በቀኝ እጁ ወደ ታች ተጫነው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

"አየሽ?" አለ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ። "ይኸው ነው። ክንዴ ሞቷል።"

ጠመንጃ ጠጋኟ በቅድሚያ ማቀባበያውን ስባ አወጣችና ጥይት መጉረሻውን በዓይኗ አየች፤ ቀጥላም ትንሿን ጣቷን ሰድዳ ዳበሰችው። ባዶ ነው። ሰውየው የታላቅ እህቷ ባል ነው፤ ባዶ መሆኑንም ገና ከበር ሲገባ ነግሯታል። እሷ ግን የማንንም ቃል ተቀብላ ሥራ ጀምራ አታውቅም። "ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለው ነው" ትላለች ሁልጊዜ።

የጥገና ክፍሏ በኢላማ ተኩስ ክለቡ ግቢ ጥግ ያለች አንድ መስኮት ያላት ቤት ናት። በመስኮቱ በኩል ብረት ጨብጦ የሚይዝ ትልቅ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ፣ ከበስተኋላ አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ግድግዳው ላይ ከወፍራሙ እንደ መርፌ እስከቀጠነው ድረስ የተሰቀሉ ሞረዶች። ወጣትነቷን በመለዋወጫ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ነው የጨረሰችው። የክለቡ ሰዎች "ጆሮ" ብለው ስም አውጥተውላታል፤ ዓይኗን ጨፍና ማቀባበያ ስትከፍትና ስትዘጋ ላያት፣ ብረቱ ምሥጢር የሚያጫውታት ነው የምትመስለው።

ማቀባበያውን መለሰችና አሁንም ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች፣ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። ለእሷ ጤነኛ ክንድ ከባድ አልነበረም። ሆኖም መጨረሻው ላይ አንዲት ነገር ትታከካለች።

"ጋሼ፣ እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?"

"ወደ ተኩስ ከተመለስኩ ጀምሮ። የክለቡ ልጆችም ሞክረውታል፤ 'ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ደህና ነው' ነው የሚሉኝ። ምን ይበሉ? ፊቴ ላይ 'አንተ ነህ የደከምከው' አይሉኝ ነገር።"

"እኔ እልህ የለ እንዴ በየቀኑ?" አለች ሚስቱ ከበርጩማው ላይ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልክ መውሰጃ ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ ረስታ ነው የመጣችው። "ጣሪያ ላይ ውጣ ያለህ ሰው የለ። ዝናብ ሲያፈስ ባልዲ ማስቀመጥ እየተቻለ!"

ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ከመሰላል ወድቆ ትከሻው እስኪሰበር ድረስ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ቢሮ ተቀምጦ ሌሎች ሾፌሮችን ያሰማራል። ከክለቡ ተኳሾች እሱን የሚያህል አልነበረም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ የሰጠውን የላስቲክ ገመድ ከበሩ እጀታ ጋር አስሮ፣ ጎረቤት ሳይነሳ፣ ጧት ጧት ሲጎትት ከረመ። ሲያመው አይናገርም፤ ሚስቱ የምታውቀው የበሩ ሲጥሲጥታ ሲቋረጥ ነው። እንዲያ ያለ ሰው "ሞቷል" ሲል መስማት ለጠጋኟ አዲስ ነበር።

"ለማንኛውም ልሸጠው ነው" አለ። "የሚገዛኝ ልጅ አግኝቻለሁ። አንቺ ጠራርገሽ አዘጋጂልኝ ብቻ።"

"አዘጋጅልዎታለሁ። ግን የታመመ ዕቃ ለሰው አላስረክብም፤ መጀመሪያ ልየው።"

ጠመንጃው ከየቦታው ተሰብስቦ የተገጣጠመ ነበር። በርሜሉን አንዱ፣ ማቀባበያውን ሌላው፣ ቃታውን ሦስተኛው ባለሙያ ነው የሠራው። የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ችግር እንደ ጋብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ጨዋ ሆኖ አብረው ሲኖሩ ይጣላሉ። ስለዚህ ጠጋኟ ምንም ነገር ከመሞረዷ በፊት አለያየቻቸው። ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታች፤ ብረቱን ከእንጨት ሰደፉ ላይ አነሳችና ጨርቅ ባለበሰችው ሞርሳ በቀስታ አሰረችው። ማቀባበያውን ሳበችና መልሳ ገፋችው።

ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ተንሸራቶ ተዘጋ።

"ይምጡ ጋሼ። ይሞክሩት።"

እሱም ገፋው። ተዘጋለት። እጁን አንስቶ አየው፤ ከዚያ እሷን አየ።

"ምን አደረግሽው?"

"ምንም። ልብሱን አወለቅሁለት።"

ተስፋ ማድረግ የፈራ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ አየች። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ልጁ በመንገድ ላይ ይሆናል፣ ልደውልለት" ብሎ ወደ ግቢው ወጣ። ምን ብሎ እንደሚደውል እንኳ የወሰነ አይመስልም ነበር።

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ብረቱን ሰደፉ ላይ መልሳ የኋለኛውን ብሎን ብቻ አጠበቀች፤ ማቀባበያው ይንሸራተታል። የፊተኛውን ማጥበቅ ስትጀምር አሁንም ይንሸራተታል። መጨረሻ ላይ ካቻቢቴው ጥርቅ አድርጎ ሲያጠብቀው ግን ያዘ። ሩብ ዙር ስታላላው ለቀቀ። ብሎኑን ነቅላ ጫፉን በጥቁር ማርከር ቀባች፤ መልሳ አሰረች፤ ማቀባበያውን ከፍታ ዘጋች፤ ነቀለችው። ከጥቁሩ ቀለም መሐል አንዲት ነጭ ነጥብ ታበራለች። ማቀባበያው ሲዘጋ ከሚቆልፉት ሁለት ጥርሶች በአንዱ ላይም ተመሳሳይ ጭረት አለ። ብሎኑ ረዝሞ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ ሲዘጋ ጥርሱን ከሥር ይወጋዋል።

"እቴቴ፣ ይህ ሰደፍ አዲስ ነው አይደል?"

እህቷ ከበርጩማው ተነስታ ቀረበች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን በዓይኗ እየጠበቀች፦

"ስሚኝ፣ እህቴ። ያገኘሽውን ነገር ተይው። 'አይሆንም፣ ክንድህ ነው' በይው።"

"ምን?"

"ይሸጠውና እንረፍ። ከተኩስ ሜዳ በተመለሰ ቁጥር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አንድ ቀን ሄጄ መስኮቱን ባንኳኳ እያለቀሰ ነው። እሱ! የእናቱ ለቅሶ ላይ እንኳ እንባውን ያላየሁት ሰው! ሐኪሙ 'ትከሻው ከዚህ በላይ አይሻሻልም' ብሏል፤ ለእኔ ነው የነገረኝ። አሁን ተስፋ ብትሰጪው ነገ መልሶ ይሰበራል። እኔ ደግሞ ማየት አልችልም።"

ጠጋኟ ብሎኑን በሁለት ጣቶቿ መካከል አሽከረከረች። እህቷን ታውቃታለች። እናታቸው ስትታመም ትምህርቷን ትታ መርፌ የያዘች፣ እሷን ፋብሪካ እስክትገባ ድረስ ያሳደገች ናት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃት አታውቅም። ደግሞም ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው።

"አልችልም፣ እቴቴ" አለች በመጨረሻ። "ተኩሱን ይተው ብትይ የእናንተ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፤ አልገባም። ነገር ግን ብረት የሠራውን ጥፋት በሰው ክንድ ላይ አላሳብብም። ዕድሜ ልኩን ያንን አምኖ ይኖራል እኮ።"

እህቷ ከንፈሯን ነከሰች። "እሺ። እሱስ ምንድን ነው ታዲያ ጥፋቱ?"

"ብሎኑ ረዝሟል። የድሮው ሰደፍ ሆዱ ወፍራም ነበር፤ ይሄኛው ቀጭን ነው። ብሎኑ ግን የድሮው ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ሰደፉን ያሠራችለት እሷ ናት። ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን፣ የቀድሞው ከብዶታል ብላ፣ እሱ ተኝቶ እያለ ከትከሻው እስከ ጣቱ በሜትሯ ለክታ፣ በልኩ ከቀላል እንጨት አስጠርባ ነበር የሰጠችው።

"እኔ ነኛ!" አለች። "እኔው ራሴ ነኝ ክንዱን ያሰርኩት!"

"አንቺማ ልኩን አልሳትሽም፤ ደግሞ ሲያምር! ቀጭን ኮት ላይ የካፖርት ቁልፍ የተዉት ሠሪዎቹ ናቸው።"

ሰውየው ሲመለስ ሚስቱ እንባዋን በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች አገኛት። ግራ ገብቶት ወደ ጠጋኟ ተመለከተ። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ታላቋ ቀደመች።

"ክንድህ አይደለም" አለች። "ሰደፉ ነው። የእኔ ሰደፍ። እኔ ደግሞ… ክንድህ ነው እንድትልህ ስለምናት ነበር።"

ጠጋኟ ብሎኑን ሰጠችው። ወደ መስኮቱ ወስዶ ነጯን ነጥብ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየ። ሁለቱ ሴቶች ከኋላው ሆነው ያዩታል። ቀስ በቀስ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሏቸው ነበር። እየሳቀ ነው።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "በፍቅር አንቀሽ ልትገድዪኝ ነበር በይኛ!"

"ጣሪያው ያልገደለህን እኔ ልግደልህ?" አለች፤ እሷም መሳቅ ጀምራ። ሳቃቸው ሲበርድ ድንገት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሱ ጠጋ ብሎ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደላት፤ ጠቅልሎም በእጇ አስጨበጣት። "ስለምናት ነበር" ያለችውን አላነሳባትም።

ቅድም ሳይደውልለት ለቀረው ገዥ ደወለና "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አለው።

ጠጋኟ ብሎኑን ሞርሳው ላይ አሰረችና በቀጭን ሞረድ ጫፉን መሞረድ ጀመረች። ጥቂት ትሞርዳለች፤ ትለካለች፤ አስገብታ ትሞክራለች፤ መልሳ ትሞርዳለች። ብዙ ከወሰደች ብሎኑ አጥሮ እንጨቱን ጠብቆ አይዝም። እህቷ ከጎኗ ቆማ እጆቿን ትመለከታለች። ያን ሁሉ ዓመት ሥራዋን እንዲህ ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

"ጥልፍ ነው እኮ የምትሠሪው" አለቻት በሹክሹክታ።

"ካንቺ ነው የተማርኩት። 'ከመቁረጥሽ በፊት ለኪ' እያልሽ ጆሮዬን ስትጎትቺ።"

ብሎኑ ተስተካክሎ ጠብቆ ሲታሰር ማቀባበያው ምንም ሳይጎረብጥ ተዘጋ። ግቢውን አቋርጠው ወደ ተኩስ ሜዳው ሄዱ። የጆሮ መከላከያቸውን አደረጉ። ሰውየው ምንጣፉ ላይ ተኝቶ የመጀመሪያዋን ጥይት አጎረሰ። ቃታውን ሲስብ ጠጋኟ የምታየው ኢላማውን ሳይሆን ክንዱን ነበር። ተኮሰ፤ ቀለሁን አስወጣ፤ ደግሞ ተኮሰ። መዝጋቱ ቀላል ሆኗል። ለመክፈት ወደ ላይ ሲያነሳው ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ክርኑ ትንሽ ከምንጣፉ ይነሳል፤ ትከሻው ይኮማተራል። ኢላማው ላይ ጥይቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው አርፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ወደ ቀኝ ሸሽተዋል።

ዞሮ አያት። "ሲከፈት አሁንም ይከብዳል። ሌላ ብሎን ይኖራል?"

ጠጋኟ የክለቡን ሌላ ጠመንጃ አምጥታ በሁለቱም ማቀባበያ እጀታ ላይ ትንሽ የስፕሪንግ ሚዛን አንጠልጥላ ጎተተች። ሚዛኑ በሁለቱም ላይ እኩል ቆመ። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። እህቷን አየቻት፤ እህቷ ዓይኗን ሰበረች።

"የለም፣ ጋሼ" አለች። "ብረቱ ጤነኛ ነው። የቀረው የእርስዎ ክንድ ነው።"

ሰውየው ቀኝ ክርኑን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ። ከግቢው ማዶ አንድ መኪና ሲነሳ ተሰማ።

"ይሻሻላል?"

"እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ረዘም ያለ እጀታ መኖሩን ነው። ሲረዝም ማንሳቱን ያቀልላል፤ ያላዩት ነገር አይደለም።"

አይቷል። ደህና ተኳሽ ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለውን አስረው ሲመጡ "ከዘራችሁን ውጭ ተዉ" እያለ ሲቀልድባቸው ክለቡ በሙሉ ይስቅ ነበር። አሁን ከጎን ባሉት ምንጣፎች ላይ ሁለት ወጣቶች ይተኩሳሉ። ወደ እነሱ አየት አደረገ። ከዚያ ወደ ገዛ ጠመንጃው ተመለሰ፤ የማቀባበያው እጀታ ጫፍ ላይ ያለችውን አጭር ክብ ብረት በግራ እጁ ይዞ ማሽከርከር ጀመረ። ጠብቃ ነበርና ጊዜ ወሰደች። ሚስቱ ልትረዳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ብረቷ ተፈታ። መዳፉ ላይ አሳርፎ ለጠጋኟ ዘረጋላት።

"ረጅሙን አምጪልኝ" አለ፤ ወጣቶቹ እንዲሰሙት ድምፁን ሳይቀንስ።