ቀና የሚያደርገን ሰው

ታላቅ እህቴ እትዬ ሲላ ዛሬ ቅዳሜ ለምሳ ትመጣለች ተብሎ እማዬ ከማለዳ ጀምራ ድስት ስታጋጭ አረፈደች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ስንት ጠረጴዛ ላውጣ?» አልኳት። አውቄ ነው እኮ።

«ሁለት ነዋ።»

«አራት ሰው ብቻ እኮ ነን፣ እማዬ።»

«ሎቪና! አፍሽን ትተሽ እጅሽን አንቀሳቅሺ።»

አወጣሁ። ሁለቱን ጠረጴዛዎች አጠጋግቼ በመሃል መዳፍ የምታህል ክፍተት ተውኩና አንድ ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ ከላይ አለበስኳቸው። ለሚያየው አንድ ገበታ ነው። ከጨርቁ ስር ግን ውግዘት አለ።

ሲላ ሳትጠመቅ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይላትም ነበር። እኛ አሚሾች፣ በአሜሪካ ገጠር እንደ ጥንቱ በፈረስና በጋሪ የምንኖር ክርስቲያኖች፣ የምንጠመቀው ካደግን በኋላ ነው፤ በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ቃል ገብተን። እሷ ቃሉን ከገባች በኋላ ነው ትታን ወደ ከተማ የሄደችው። እናም ተወገዘች። የተጠመቀ ሰው ከሷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አይበላም፣ ከእጇ ምንም አይቀበልም፣ መኪናዋ ውስጥ አይገባም። እኔ ገና ስላልተጠመቅኩ እንደልቤ ነኝ፤ ሁሌም ከሷ ወገን ነው የምቀመጠው።

ማለቴ፣ እስከ ዛሬ። ነገ እጠመቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ከለቀቅኩ ብዙም አልቆየሁ፣ እኩዮቼ እንኳን ገና አላሰቡትም። እማዬ ግን «አንዷ አመለጠችኝ» ትላለች፣ በቃ ከዛ በኋላ ምን ይባላል? ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ነገ የምንጠመቀው ሁሉ ጳጳሳችን ጋሼ ኖህ ቤት (የኛ ጳጳሳት ሚስትም እርሻም አላቸው) ሄደን ለመጨረሻ ጊዜ እንጠየቃለን። መመለስ የፈለገ ዛሬ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ይሄ ምሳ ከእህቴ ጋር የመጨረሻዬ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቀደም ከተማ የተከራየችው ክፍል ሄጄ ነበር። በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ኑድል ሠርታ ጠበቀችኝ። ተቀመጥን፣ እጃችንን ከጠረጴዛው ስር አድርገን አንገታችንን ደፋን። የኛ የማዕድ ጸሎት ድምፅ የለውም፤ ሁሉም በሆዱ ነው። እኔ አባታችን ሆይን በልቤ ሮጥ ሮጥ አድርጌ ጨረስኩና በዓይኔ ጠርዝ አየኋት። አሁንም ደፍታለች። ጠበቅኩ። ኑድሉ ቆዳ አወጣ።

«እትዬ፣ እየጸለይሽ ነው እንዴ?»

«አይ» አለች፣ እንደደፋች።

«ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለማን ልጸልይ? ለሰይጣን ተሰጥተሻል ብለው በጉባኤ መሃል አንብበውብኛል። ግን አንገቴን ካልደፋሁ ምግቡ አይወርድልኝም። አንዴ ከደፋሁ ደግሞ ማን ቀና ያድርገኝ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ቤት ውስጥ አባዬ ጸልዮ ሲጨርስ «እህም» ይላል፣ ሁላችንም ቀና እንላለን። ሲላ ዕድሜዋን ሙሉ ጸሎት መቼ እንደሚያልቅ ራሷ ወስና አታውቅም።

«ብቻሽን ስትሆኚስ?»

«ማይክሮዌቩን እሞላዋለሁ።»

«ምን?»

«ባዶውን። ‹ቲን› ሲል ቀና እላለሁ።»

ሳቅኩ። ወይኔ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት! እሷም ሳቀች። ከዛ እኔ ሳቆም እሷ አላቆመችም፣ ሳየው ሳቅ አይደለም።

ለምሳው ስትመጣ ለእማዬ ብላ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ነበር። ፀጉሯን ግን አልሸፈነችም። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋን እያየ «ይቺ ነገር ዘይት ታንጠባጥባለች» አላት።

«ያንተ ፈረስ ከሚያንጠባጥበው ይሻላል፣ አባዬ።»

ሊስቅ ነበር። ጢሙ ስር ሲውጠው አየሁት።

ተቀመጥን፣ እነሱ በዛኛው፣ እኛ በዚህኛው። አንገታችንን ደፋን፣ አባዬ «እህም» አለ። እውነቴን ነው፣ ሲላ ሸክም እንዳወረዱላት ሰው ትከሻዋ ወረደ። የተፈጨ ድንቹን፣ ዶሮውን፣ ባቄላውን፣ ምኑ ቅጡ፣ እንደተራበ ሰው በላች።

ከዛ እማዬ «ድንች» አለች፣ ዝም ብላ፣ እንደ ድሮው። ሲላም እንደ ድሮው ሳህኑን አንስታ ዘረጋችላት። እማዬ ተቀበለቻት። ከእጇ።

«ተባረኪ፣ ልጄ» አለቻት።

አባዬ ሹካውን ማየት ጀመረ። እማዬ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን ከሳህኑ አነሳች፣ በሽርጧ ጠረገች። ከዛ መልሳ አነሳችው፣ ማንም እንዳልሰጣት፣ እዛው ቁጭ ብሎ እንዳገኘችው ነገር።

ነገ እኔም እንደዚህ ላደርግ ነው አልኩ በልቤ። በነዚህ እጆቼ።

«ጨው አንሶታል አይደል?» አለች ሲላ።

«አንሶታል» አለች እማዬ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ ድንቹን እንኳን አልቀመሰችውም።

ምሳው ሲያልቅ ሲላ «ጋሼ ኖህ ቤት እኔ ላድርሳት» አለች። አባዬ «ፈረሱን እጠምድላታለሁ» ብሎ ብድግ ሊል ሲል እማዬ ክንዱን ያዘችው።

«ዛሬ ገና አልተጠመቀችም። ዛሬ ትሂድ።»

ጋሼ ኖህ አጥር ጋ ስንደርስ ሲላ ሞተሩን አጠፋችና ከኋላ ወንበር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የፖም ፓይ ነው።

«እነሱ ፊት አውጥቼው ከእጅሽ አንቀበልም እንዳይሉኝ ፈራሁ» አለችኝ። «ላንቺ ነው የጋገርኩት።»

«እትዬ፣ እምቢ ልበላቸው?»

«ለኔ ብለሽ አትቅሪ፣ ቪና። ለእማዬም ብለሽ አትግቢ።»

«አንቺስ እንዴት ትሆኛለሽ?»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ሥራ አለኝ፣ ማይክሮዌቭ አለኝ።»

«አትቀልጂ!»

«እሺ አልቀልድም። ታምኛለሽ?»

ለእህቴ ዋሽቼ አላውቅም። «አምናለሁ» አልኳት። «ችግሩ እሱ ነው እኮ። ባላምን ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «አውቀው ነበር» ዓይነት። ፓዩን ለሁለት ቆረሰችና መሃላችን አስቀመጠችው። አንገታችንን ደፋን።

እኔ በዚህኛው ጊዜ ሮጥ ሮጥ አላልኩም። ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልነግራችሁም። ስጨርስ እሷ እኔን እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። እንደ አባዬ «እህም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አቃተኝ። ቀና ካልን እንበላለን፣ ከበላን ደግሞ አለቀ። ጎን ለጎን፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ የቀረፋው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ። በስተኋላችን የሌሎቹ ልጆች ጋሪዎች እየገቡ፣ ፈረሶቹ ጠጠሩን ሲረግጡት እየሰማሁ፣ አንገቴን እንደደፋሁ ቆየሁ።

መስታወቱ ተንኳኳ። ሁለታችንም በድንጋጤ ቀና አልን። የጋሼ ኖህ ሚስት ነበሩ። ሲላን አላዩዋትም፣ ማለቴ ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም።

«ቪናዬ፣ ሁሉም አንቺን እየጠበቁ ነው።»

«መጣሁ» አልኳቸው።

ወረድኩ። ሳልቀምሰው። ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም፣ ቁራሹን እንኳን ይዤ አልወረድኩም።

ውስጥ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ እኛ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተደርድረናል። ጋሼ ኖህ በየተራ ጠየቁን። ድምፃቸው እንዴት ደግ ነው መሰላችሁ። «ልጄ፣ መመለስ ከፈለግሽ ማንም አይቆጣሽም። ቃል ገብቶ ከማፍረስ ይሻላል።»

በተከፈተው መስኮት መንገዱ ይሰማል። መኪናዋ አልተነሳችም ነበር።

«እቀጥላለሁ» አልኩ።

በሕይወቴ እንደዛ አጭር መልስ መልሼ አላውቅም። ቀጥለው አጠገቤ ያለችውን ጠየቋት፣ እኔ ግን ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። ሁላችንም ተጠይቀን እስክንጨርስ ድረስ ሞተሩ አልተነሳም።