አጥንቱማ ደህና ነው

አባቴ የሰው ጠብ ማብረድ ይወዳል። በሰፈራችን ጋሽ ጴጥሮስ ያልተቀመጠበት እርቅ አይጸናም ይባላል። የድንበር ጭቅጭቅ ቢሆን፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ቢሆን፣ መጨረሻው እሱ ፊት ነው። ሰው ይመርቀዋል፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እኮራበት ነበር። አሁን ግን ስለ እሱ ሲወራ ተነስቼ እወጣለሁ።

ወንድሜ ተሻለ ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ወቅቱ አልቆ ወደ ዲላ እንደተመለሰ፣ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ አስፋልቱን ሲሻገር አምሃ በሞተር ሳይክል ገጨው። አምሃ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከደጋ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰዎች ናቸው። ተሻለ በጭንቅላቱ ወደቀ። ለአፍታ ራሱን ሳተና ተነስቶ ልብሱን አራገፈ፤ ምንም አልሆንኩም እያለ አምሃን ያጽናናው ጀመር። ሆስፒታል የወሰድኩት በግድ ነው። አባቴም ተከተለን።

እዚያ የጭንቅላት ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ትዕግሥት ነበረው። ፊልሙን ብርሃን ባለው ሰሌዳ ላይ ሰክቶ አስረዳን። ጨረሩ ሥጋውን አልፎ ይሄዳል፣ አጥንት ላይ ሲደርስ ይያዛል፣ ስለዚህ አጥንት ነጭ ሆኖ ይወጣል አለን። የተሻለ የራስ ቅል ድፍን ነበር፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም። አባቴ ተመስገን ብሎ ኮፍያውን አነሳ። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም።

"ይሄ የሚያሳየን አጥንቱን ነው" አለ። "ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ በራጅ አይታይም። ሐዋሳ ሄዶ ሲቲ ስካን ቢነሳ ጥሩ ነው። ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ ከበዛበት ደግሞ እንዳትዘገዩ።"

አባቴ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው አጥንቱ ደህና ነው የሚለውን ብቻ ነው። አልሰማም እንዳልል አጠገቤ ነበር የቆመው። ወደ ቤት ስንመለስ ላገኘው ሰው ሁሉ የፊልሙን ፖስታ እያሳየ ይህንኑ ተናገረ።

በማግስቱ ጠዋት የአምሃ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይዘው መጡ። አምሃ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በራችን ላይ ተንበረከከ። በእኛ ቤት ይህ ወግ አልነበረም፣ እነሱ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነው። አባቴ ልቡ ተነካ። ራሱ ሄዶ ድንጋዩን ከልጁ አንገት አወረደና ግንባሩን ሳመው። እኔም አለቀስኩ፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከእንሰቱ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረደረና ነገሩ ተጀመረ። ሰብሳቢው የአባቴ የልብ ጓደኛ ጋሽ ወልደዮሐንስ ነበሩ። የእኛ ሽማግሌዎች ጉዳት ሲመዝኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት አጥንት ተሰብሯል ወይ ብለው ነው። ከተሰበረ ነገሩ ይከብዳል፣ ካልተሰበረ ይቀላል። አባቴ ራጁን ከፖስታው አውጥቶ አቀበላቸው። ጋሽ ወልደዮሐንስ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፣ ከጎናቸው ያለው ተቀበላቸው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የወንድሜ ራስ ቅል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለና የሁሉም ፊት ፈታ አለ።

ተሻለ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ቁርሱን አስመለሰው። ራሴን፣ ራሴን ይላል። ስቀሰቅሰው ዓይኑን ገልጦ በሞተችው እናታችን ስም ጠራኝና መልሶ ተኛ። ሮጬ ወጥቼ ለአባቴ በጆሮው ነገርኩት፤ ሐኪሙ ያለው ይሄን ነው፣ አሁኑኑ ሐዋሳ እንውሰደው አልኩት። ጋሽ ወልደዮሐንስ ሰሙኝ።

"ኤልቤቴል ልጄ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ራጅ ፍለጋ መሄድ ምንድነው?" አሉኝ። "በልጁ ላይ ማስረጃ ልታበዢበት ነው?"

በእሳቸው ቤት እርቅ ሳያልቅ ትልቅ ከተማ ሄዶ መመርመር ለክስ ወረቀት መሰብሰብ ነው። የአምሃ እናት ይህን ስትሰማ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ አፈረ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃሉን ያፈረስኩበት መሰለው። ደክሞት ነው፣ ይተኛ፣ እንቅልፍ ራሱ መድኃኒት ነው አለኝ። አብረን እንብላና ትወስጂዋለሽ አለ።

አብረው ካልበሉ ደግሞ እርቅ እርቅ አይሆንም። ቆጮው እስኪቀርብ አልጠበቅሁም፤ አስፋልት ወጥቼ ሚኒባስ ይዤ መጣሁ። ስመለስ በልተው ጨርሰው ጸሎት ላይ ነበሩ። ያን የሚያህል ወንድሜን ብቻዬን ማንሳት አልቻልኩም። ያ ሁሉ ወንድ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አሜን እስኪባል ይጠብቃል። እጃቸውን እየጎተትኩ ለመንኳቸው፣ እሽሽ አሉኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ እኔ አልችልም።

አሜን ሲባል ተሻለ ቢነቀንቁት አይነቃም ነበር።

ሐዋሳ ስንደርስ አልጋው ላይ አስተኝተው በትልቅ ቀለበት ውስጥ አስገቡት። ጨረሩ ዙሪያውን እየዞረ ጭንቅላቱን እንደ ድፎ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ ያሳያል አሉ፣ ቢላ ሳይነካው። ሐኪሟ ጠርታ ምስሉን አሳየችኝ። ከራስ ቅሉ ሥር እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ነጭ ነገር አለ። ደም ነው፣ አንጎሉን ወደ አንድ ጎን ገፍቶታል አለችኝ።

"አጥንቱስ?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም።

"አጥንቱማ ደህና ነው" አለች።

ጠዋት ብናመጣው ኖሮ አልኳት። ትከሻዬን ያዘችኝ። ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጁት ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ለቅሶው ላይ አባቴ አምሃን አጠገቡ አስቀመጠው። ይቅር ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ይህን እያደነቀ ሄደ። በአምሃ እኔም ቂም የለኝም፤ ልጁ ከእኛ ጋር እኩል አልቅሷል። አባቴን ግን ማናገር ተውኩ። ምግቡን አቀርብለትና እወጣለሁ።

ይህ ሲሰነብት ሽማግሌዎቹ ከአባትሽ ጋር ታረቂ ብለው መጡ፣ እነዚያው ራሳቸው። ከሐዋሳ የመጣውን ፊልም አውጥቼ ለጋሽ ወልደዮሐንስ ሰጠኋቸው። እንደለመዱት ወደ ፀሐይ አነሱት። በትናንሹ የተደረደሩትን ምስሎች ብዙ አገላብጠው አዩና ስብራቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"አልተሰበረም" አልኳቸው። "አጥንቱማ ደህና ነው።"

እጃቸው ወረደ። ፊልሙን ለቀጣዩ ሰው አላቀበሉም፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። 

ያኔ አባቴ ከጓሮ መጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በራችን ላይ፣ አምሃ በተንበረከከበት ቦታ፣ ተንበረከከ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ድንጋዩን አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌ ነው፣ ከብዶታል ብዬ ነው። ሁሉም የይቅርታ ቃል ከአፌ ጠበቁ። እኔ ግን ገብቼ በሩን ዘጋሁት፤ አባቴም እስኪመሽ እዚያው ተንበርክኮ ቆየ።